ሃይማኖታችን ተረፈ፣ አማርኛችንስ?

እኛ አራት ነን። አንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር እያጠና ያደገ፤ አንዷ በረመዳን የምሳ ደወል ሲደወል ወደ ላይብረሪ የምትጠፋ፤ አንዱ የጴንጤ ቤት ልጅ፤ አንዷ ደግሞ ክፍላችን ውስጥ በጣት ከሚቆጠሩት «ዋናዎቹ» ካቶሊኮች አንዷ። የተዋወቅነው በ1990ዎቹ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሲስተሮች በሚመሩት የካቶሊክ ትምህርት ቤት፣ አምስተኛ ክፍል ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም። የምታውቁን ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁን ደግሞ የራሳችሁን አስቡ፣ ብዙም ላይራራቅ ይችላል።

ነገሩ የተነሣው ከምዝገባ ሰልፍ ነው። ከመካከላችን አንዱ ልጁን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቶ ሄደ። ቁጥሩ ስልሳ ምናምን ሆነ፤ ብርድ ልብስ ይዘው እዚያው ያደሩ ነበሩና። ማታ ስንገናኝ፣ ማኪያቶው ሳይቀርብ፣ «ለመሆኑ ልጅህ እዚያ ምን ሊማር ነው?» ብለን ጠየቅነው። ሳያስብ «እንግሊዝኛና ዲሲፕሊን» አለ። ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጥያቄው ወደ እኛው ዞረ። እኛስ እዚያ ምን ነበር የተማርነው? አምስተኛ ክፍል ብቻ ብለን ወሰንን፤ ሁላችንም በደንብ የምናስታውሰው እሱን ስለሆነ። ያን ማታ የተጨቃጨቅነውን ነው እዚህ የምንጽፈው።

መቼም ወላጆች ለምን እንደሚሰለፉ ይገባናል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም ቁጥሩ «አድጎ» 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን ከመቶው ውስጥ ከነዚያ ጥቂቶች ለማስገባት በር ላይ ቢያድር አይፈረድበትም። ካቶሊኮች በኢትዮጵያ ስንት እንደሆኑ ብትጠይቁ ደግሞ የ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ 0.7 በመቶ ነው የሚለው። ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች አሏት። ስለዚህ በሰልፉ ላይ ነጠላ ያጣፋችው እናትም፣ ሂጃብ የለበሰችውም፣ ዘወትር እሑድ አዳራሽ የምትሄደውም አብረው ይቆማሉ። አገሩን ሁሉ በአንድ ሰልፍ ማየት የፈለገ ሰው ሌሊት አሥር ሰዓት እዚያ ይሂድ።

ወደ አምስተኛ ክፍል እንመለስ። በእኛ ጊዜ አምስተኛ ክፍል ትልቅ ነገር ነበር። እስከ አራተኛ አንድ ሚስ ሁሉንም ታስተምራለች፤ እናት ማለት ናት። አምስተኛ ሲገባ ለየትምህርቱ አንድ መምህር ይመጣል። አካባቢ ሳይንስ ይቀርና ሳይንሱ ለብቻ፣ ኅብረተሰቡ ለብቻ ይሆናል። ሥነ ዜጋ የሚባል አዲስ እንግዳ ይመጣል፤ የሕግ የበላይነትን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው እዚያ ነው (ለመጨረሻ ጊዜም ይሆን?)። ደብተር ከአራት ወደ ዘጠኝ ያድጋል። ቦርሳው ልጁን ይጎትተዋል።

ከደብተሩ በላይ የከበደው ግን መጽሐፉ ነው። ሁለት ሁለት ነበርና። አንዱ የመንግሥት መጽሐፍ ነው፣ በአማርኛ የተጻፈ፤ ያ ቤት ይቀመጣል። ሌላው ከውጭ የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ ልጆቹ ሁሉ ብስክሌት ያላቸው። የምንማረው ከሁለተኛው ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ ይሰጥ ይላል፤ በአዲስ አበባም እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ እንግሊዝኛ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። ያኔ የምናውቀው አንዳንድ ቀን «ነገ የመንግሥቱን መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ» እንደምንባል ብቻ ነበር። በማግሥቱ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሳይንስ በአማርኛ ይሆናል፤ መምህሩም ልጆቹም እንደ ባዕድ ቤት እንግዳ እንቅበጠበጣለን። ሰዎቹ ሲሄዱ ወደ ብስክሌቶቹ እንመለሳለን። ሥነ ዜጋ ያስተማረን ምዕራፍ ብዙ ነው፤ ስለ ሕግ አከባበር ያስተማረን ግን ያ ቀን ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ። ፎቶሲንተሲስ። ትርጉሙን እስከ ዛሬ በቃላችን አለን፤ ከእንቅልፋችን ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁን አንድ ቃል ሳናስቀር እንለዋለን። ፈተና ላይ አሥር ከአሥር። አንዷ ቤቷ እያጠናች ሳለ እናቷ ከወጥ ቤት ሆነው «ምንድን ነው እሱ የምትደጋግሚው?» አሏት። ዝም አለች። ከዚያ «ስለ ፎቶ ነው» አለች። አልዋሸችም፤ በእውነት እንደዚያ ነበር የመሰላት፤ ቅጠሉ በፀሐይ ፎቶ ይነሣል ብላ ነው። እቤት ተቀምጦ አቧራ የጠጣው የመንግሥት መጽሐፍ ውስጥ «ብርሃን አስተጻምሮ» ተብሎ ከነሥዕሉ ተጽፏል። ቃሉ ከባድ ነው ትሉ ይሆናል። ይሁን፤ ግን «ብርሃን» የሚለውን የማያውቅ የአምስተኛ ክፍል ልጅ አለ? ከዚያ ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ከፎቶ ተነሥቶ የትም አይደርስም።

እንዲህ ስንል ትምህርት ቤታችንን የምናማ እንዳይመስላችሁ። የምናመሰግነው ብዙ ነገር አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማክሰኞ ከእረፍት በኋላ ያለችውን ክፍለ ጊዜ። በፕሮግራሙ ላይ «ሞራል» ትባላለች። የምታስተምረን፣ ይቅርታ፣ የሚያስተምሩን ሲስተር ነበሩ፤ አጠር ያሉ፣ ሹራባቸው ክረምት ከበጋ ከማይለያቸው። መጽሐፍ የለም፤ ፈተናም የለም፤ ካርድ ላይ ከነጥብ ይልቅ ፊደል ነው የሚሰጡት። ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ጳጳስ፣ ሮም የሚባል ነገር ሲያነሡ ሰምተን አናውቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ስለሚያዝ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ክፍሉን አይተው ነው። ሃምሳ ሁለት ልጅ፤ ካቶሊኮቹ አራት።

ታዲያ ምን አስተማሩን? ታሪክ ይነግሩናል። ወንበዴ ደብድቦ መንገድ ዳር የጣለውን ሰውዬ፣ አይተው ያለፉትን ታላላቅ ሰዎች፣ በመጨረሻ ያነሣውን የተናቀ መንገደኛ። ከየት እንደመጣ አይነግሩንም፤ ያወቀ ያውቀዋል። ከዚያ «እሺ፣ አንተ ብትሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ልክ ነው ስህተት ነው አይሉም፤ «ለምን?» ነው የሚሉት። በዘጠኙ ደብተሮች ውስጥ «ለምን?» ተብለን የተጠየቅንባት ክፍለ ጊዜ እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን አንድ ልጅ «እኔ ብሆን አልፈዋለሁ፣ እነሱ ሰፈር ነው የደበደቡኝ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ሲስተር አልሳቁም፤ አልተቆጡም። ደወል እስኪደወል ስለ እሱ ሰፈር አወራን። ደብዳቢዎቹ ከኛው ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሆነው ተገኙ።

እና ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው በአማርኛ ነበር። ሞራል በእንግሊዝኛ አይሆንም ብለው ሲስተር እንቢ አሉ ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላረጋገጥንም፤ ብቻ ያቺ ክፍለ ጊዜ በአማርኛ ነበረች፤ ትዝ የሚለን ወሬም፣ ክርክርም፣ ለቅሶም ሁሉ የእሷ ነው። ከሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንድ ክርክር አስታውሱ ብንባል አንድም አይመጣልን።

ወላጆቻችን ያኔ የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር። የአንዱ አያት «ልጄን ካቶሊክ እንዳያደርጉብኝ» ብለው ሦስት ቀን ከልጃቸው ተኳርፈዋል። የሌላዋ አባት በየሳምንቱ ዓርብ «ምን አሏችሁ?» እያሉ ይመረምሯት ነበር። ፍርሃቱ ከመሬት የበቀለ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ ሞክረው አገር ደም ለደም ተፋሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ያ ትዝታ ሦስት መቶ ዓመት ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ1908 የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች የሆኑት፣ ከሌሎቹ ምክንያቶች ጋር፣ አቡነ ማቴዎስ የፈረንጅ አስተማሪ የልጆቹን ሃይማኖት ያበላሻል ብለው ስለሰጉ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የሐረሩን ልጅ እናንሣ። ራስ መኮንን ለልጃቸው ለተፈሪ ፈረንሳይኛ ያስተምሩ ዘንድ የተማመኑት በካቶሊኩ ጳጳስ በአባ እንድርያስ ጃሮሶና በእርሳቸው እጅ ባደጉት በአባ ሳሙኤል ነው። ተፈሪ ከካቶሊክ አስተማሪዎች ፈረንሳይኛውን ወሰዱ፤ ሃይማኖታቸውን ግን እንደያዙ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። እኛም በአቅማችን የተፈሪን መንገድ ሄድን። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ ዛሬም ይጾማል። የላይብረሪዋ ልጅ ዛሬም ትጾማለች፣ አሁን ግን መደበቅ ትታለች። ጴንጤው ጴንጤ ነው። ካቶሊኳ ደግሞ (እሷ ራሷ ጻፉት ብላናለች) ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ለገናና ለፋሲካ ነው። ማንም ማንንም አልለወጠም።

የለወጡን ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ ግን ማንም ወላጅ አልተኳረፈም።

የክፍላችን ሞኒተር አንድ ትንሽ ደብተር ነበረው። ሽፋኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት፣ እኛ ግን «የአማርኛ መዝገብ» የምንለው። ከሞራልና ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ውጪ፣ በክፍልም በሜዳም አማርኛ ያወራ ልጅ ስሙ እዚያ ይገባል። አንድ ጊዜ መያዝ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። ዓርብ ዓርብ ይሰበሰባል። ያልከፈለ ሜዳ ይጠርጋል። ኳስ ስንጫወት «አቀብለኝ» ማለት ሃያ አምስት ሳንቲም፤ ወድቆ «እናቴን!» ማለት ሃያ አምስት ሳንቲም። ስለዚህ ዝም ብለን መጫወት ተማርን። እንግዳ ሰው በእረፍት ሰዓት ቢመጣ ገዳም የገባ ይመስለው ነበር፤ ሲስተሮቹ ሳይሆኑ እኛ ነበርን መነኮሳቱ። ወላጆቻችን ስለ ቅጣቱ ሲሰሙ ደግሞ ደስ አላቸው፤ «ይኸው ትምህርት ቤት ማለት!» አሉ። አንድ እናት ሞኒተሩን አግኝተው «በርታ ልጄ» ብለው የመረቁትን በዓይናችን አይተናል።

ሃይማኖታችን እንዳይነካ ዘብ የቆሙልን ሰዎች፣ አፋችን በሳንቲም ሲገዛ እልል አሉ።

እንዳትሳሳቱ፣ እንግሊዝኛ አያስፈልግም አላልንም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያለ እሱ መንገድ የለም፤ ዩኒቨርሲቲውም፣ ሥራውም፣ ይህን ስታነቡ የተጠቀማችሁበት ማሽንም በእሱ ነው የሚሄደው። የምንለው ቅጣቱ እንግሊዝኛ አላስተማረንም ነው። እንግሊዝኛ ያስተማሩን ሚስ ላይብረሪው ውስጥ አርባ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለን እንድናነብ የለቀቁን መምህርት ናቸው፤ መዝገብ አልያዙም። መዝገቡ ያስተማረን ዝምታን ነው። ደግሞም ሌላ ትምህርት፦ አማርኛ የጥፋት ቋንቋ ነው፣ የዘበኛና የጽዳት ሠራተኛ ቋንቋ ነው፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚወጣ ቋንቋ ነው። ይህ ትምህርት ፈተና አልነበረውም፤ ሁላችንም ግን አለፍን።

ከአራታችን አንዱ በዚያው ዓመት ክረምት አያቱ ዘንድ ደብረ ብርሃን ሄደ። አያቱ ቤይሩት ከምትሠራ ልጃቸው ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር፤ ሌላ አንባቢ አላስነኩትም፤ የአዲስ አበባው ተማሪ እስኪመጣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ጠበቁት። ቡና ፈልቶ ጎረቤት ተጠርቶ ተሰጠው። ማንበብ ጀመረ። የአክስቱ እጅ ጽሑፍ የተያያዘ ነው፤ ፊደሉ ይምታታበታል፤ «ናፍቆት» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋገመው። የአምስተኛ ክፍል አንደኛ ወጪ! ጎረቤቲቱ ልጅ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ብቻ ያየች፣ ከኋላው ሆና በለሆሳስ ትነግረው ጀመር። አያቱ አልተቆጡም። «አይ ልጄ፣ ደክሞህ ነው፣ መንገድ ነው» ብለው ደብዳቤውን ለልጅቷ ሰጡ። ይህን ሲነግረን ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ግን ፊቱ ይቀላል።

እና አሁን ወደሚያንገበግበን ነገር። ይህ ቅጣት የካቶሊክ ፈጠራ አይደለም፤ ብዙ የግል ትምህርት ቤት አድርጎታል፤ የባሰም አለ። ካቶሊኮቹን ነጥለን የምንናገረው ግን ከማንም በላይ እነሱ የማይገባቸው ስለሆነ ነው። የካቶሊክ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል ይባላል፤ ፈረንሳያዊ ካህን፣ ቤተ ክርስቲያኑ የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ያደረገችው። እሱ የመሠረተው የወንድሞች ማኅበር በኢትዮጵያም ትምህርት ቤቶች አሉት። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት በአገሩ ልጅ ማንበብ የሚጀምረው በላቲን ነበር። ላቲን ማለት ያኔ ዛሬ ለኛ እንግሊዝኛ እንደሆነው ነው፤ የተማረ ሰው ቋንቋ፣ የሹመት ቋንቋ። ላ ሳል «አይሆንም፣ ልጁ መጀመሪያ በሚናገረው በፈረንሳይኛ ያንብብ» አለ። የሻርትር ጳጳስ ሲቃወሙት ቁጭ ብሎ ምክንያቱን ዘረዘረላቸው፤ ባጭሩ ልጁ የሚያውቀውን ቋንቋ ማንበብ ይቀለዋል፤ ፈረንሳይኛውን ያነበበ ኋላ ላቲኑን ማንበብ አይከብደውም፤ የድሃ ልጅ ትምህርት ቤት ብዙ ስለማይቆይ ላቲኑን ሳይጨርስ ይወጣና ከሁለቱም ይቀራል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለፈው ይህ ነገር። እኛ ክፍል ውስጥ ቢነበብ ኖሮ ሞኒተሩ ላ ሳልን ይመዘግበው ነበር።

የአገራችን ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስቃል። ያ ሁሉ የተፈራው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 መጥቶ አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ያደረገው ለሕፃናት በጥያቄና መልስ የተዘጋጀች የሃይማኖት መጽሐፍ ወደ አማርኛ እንድትመለስ አድርጎ ልጆችን ማስተማር ነው። በማግሥቱ ዓመት ልጆቹን ይዞ በአፄ ዘድንግል ፊት አስደገማቸው። የመጽሐፍ ቋንቋ ግዕዝ በነበረበት ዘመን እነዚህ ፈረንጆች ሕዝቡን ለማሳመን በአማርኛ ጻፉ፤ የኦርቶዶክስ ሊቃውንትም መልሳቸውን በአማርኛ ሰጡ። ኋላም አባቶቻችን አቡነ ማስያስ ያሏቸው ጣሊያናዊ ካፑቺን፣ ጉሊየልሞ ማሳያ፣ የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው የያዘ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ፓሪስ ላይ አሳተሙ። የጻፉትም ለሚመጡት ሚሲዮናውያን ነው፤ ሳታውቁት እንዳትመጡ ለማለት። ልብ በሉ፣ ሃይማኖታችንን ሊለውጡ የመጡት አማርኛ ተማሩ፤ ሃይማኖታችንን ያልነኩት አማርኛችንን አስቀጡን። የቱ ይሻል ነበር ብሎ መጠየቅ ያስቸግራል (አያትየው መልሱን ያውቁታል)።

«ያ የድሮ ነው፣ አሁን ተሻሽሏል» የሚል አይጠፋም። በከፊል እውነት ነው። በ2015 ዓ.ም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ገብቷል፤ አምስተኛ ክፍል ዛሬ እስከ ስድስተኛ በሚዘልቀው የአንደኛ ደረጃ ውስጥ ነው፤ አካባቢ ሳይንስ ተመልሷል፤ ግብረ ገብ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል፤ በአዲስ አበባ አፋን ኦሮሞም ይሰጣል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ደግሞ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። ግብረ ገብ መመለሱን ስንሰማ ሲስተርን አስታወስን፤ ደስም አለን፤ ሰጋንም። የሲስተር ትምህርት የሠራው መጽሐፍና ፈተና ስላልነበረው ይመስለናል። «ደግነት ስንት ዓይነት ነው? ዘርዝር/ሪ» የሚል ጥያቄ የመጣ ቀን ደግነት እንደ ፎቶሲንተሲስ ይሆናል።

ሁለቱ መጻሕፍት ግን አሁንም አሉ። የሰልፉ ጓደኛችን የእህቱን ልጅ ቦርሳ ከፍቶ አሳይቶናል፤ አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ አንዱ አዲስ እንደወጣ ያለ፣ ስም እንኳ ያልተጻፈበት። ልጁ አምስተኛ ክፍል ነው። የእሱ ትምህርት ቤት ካቶሊክ አይደለም፤ ሳንቲምም አይቀጣም፤ ኮከብ ነው የሚነጠቀው። ብልጥ ልጅ ነው፤ ስለ ማርስ የማያውቀው የለም። «ቀይ ሽንኩርት ገዝተህ ና፣ አንድ ኪሎ ተኩል» ብላ እናቱ ስትልከው ግን «ተኩል ስንት ነው?» አለ።

በዓመቱ መጨረሻ የመዝገቡ ሳንቲም ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። ጥሩ ነገር ሆነ። ሲስተር ሰበሰቡትና ሳሙናና መኮሮኒ ገዙበት፤ አምስተኛ ክፍል ሁሉ ሰልፍ ይዞ ስድስት ኪሎ ወደ ማዘር ቴሬዛ ቤት ወሰደው። የታመሙ፣ የተጣሉ፣ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች የሚጠጉበት ቤት ነው። ነጭ ሰማያዊ ዳርቻ ሻሽ ያደረጉ አንዲት ሕንዳዊት እህት በሩ ላይ ተቀበሉን። መኮሮኒውን ተሸክማ ከፊት የቆመችው የላይብረሪዋ ልጅ ነበረች። ጎንበስ አሉና በጠራ አማርኛ «ስምሽ ማን ነው የኔ ልጅ?» አሏት።

እሷም ዞር ብላ ሞኒተሩን ፈለገች። ሞኒተሩ እኛን አየ፤ እኛ ሲስተርን አየን። ሲስተር መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ማንም እስኪመልስ ረጅም ጊዜ ፈጀ።

እና ሐምሌ ላይ ልትሰለፉ ላሰባችሁ ወላጆች፦ ሰልፉ ይገባችኋል፤ ትምህርት ቤቶቹ ከብዙው ይሻላሉ፤ ሞራል የምታስተምር ሲስተር ካለች ደግሞ ልጃችሁን ሳትፈሩ ስጧት። ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር አሳዩን በሉ። የአንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ የአማርኛ ደብተር፣ በራሱ ሐሳብ የጻፈው ከአንድ ገጽ በላይ ነገር እንዳለበት። ሁለተኛ፣ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ዳር አሥር ደቂቃ ቁሙ፤ ልጆቹ ይጮሁ እንደሆነ ስሙ። ጓደኛችን ቁጥሩ ስልሳ ምናምን ስለሆነ ተራው እስኪደርስ ይህን ለማየት በቂ ጊዜ አለው፤ ሦስታችንም አብረነው እንሄዳለን።